የባሊ ነሐስ በምዕራባውያን የሙዚቃ ደራስያን ጆሮ

ጋሜላን በኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ በተለይም በጃቫና በባሊ፣ በአንድነት ተሠርተው፣ በአንድነት ተቃኝተው፣ በአንድነት ብቻ ለሚመቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ የተሰጠ ስም ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የነሐስ ሥራ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ተሰቅለው የሚመቱ ትልልቅ ጎንጎች፣ በእንጨት ማቀፊያ ላይ በረድፍ የሚደረደሩ እምብርት ያላቸው ትናንሽ ጎንጎች፣ እንዲሁም ከሥራቸው የቀርከሃ ቱቦ ተደርጎላቸው በመዶሻ የሚመቱ የነሐስ ሰሌዳዎች ይገኛሉ፤ ከበሮና ዋሽንትም አብረው ይሰለፋሉ። በባሊ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ወጥ የድምፅ ልክ የለም፤ አንጥረኛው እያንዳንዱን ስብስብ ለብቻው ስለሚቃኘው፣ ከአንድ መንደር ስብስብ የተወሰደ መሣሪያ ከሌላ መንደር ስብስብ ጋር ተስማምቶ ሊመታ አይችልም። ስለዚህም ጋሜላን እንደ ቫዮሊን የግለሰብ ንብረት ሳይሆን የማኅበር ሀብት ነው፤ ተጫዋቾቹም ሰካሃ በሚባል የመንደር ማኅበር ታቅፈው፣ ኖታ ሳይዘረጉ፣ ከመምህራቸው እጅ እያዩና እየሰሙ ያጠናሉ።

የባሊ ጋሜላን የሚታወቅበት ብሩህ ድምፅ ምንጩ መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሠራታቸው ነው። ከጥንዱ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ዝቅ እንዲል ሆን ተብሎ ይቃኛል፤ ዝቅ ያለው ፔንጉምባንግ፣ ከፍ ያለው ፔንጊሰፕ ይባላል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመቱም በልዩነታቸው የተነሣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይፈጠራል። ባሊዎች ይህን ሞገድ ኦምባክ ሲሉት፣ ኦምባክ የሌለውን ጋሜላን ሕይወት እንደ ጎደለው ይቆጥሩታል። ከዚህ ያላነሰ አስደናቂ የሆነው ኮቴካን የተባለው ስልት ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሊመታው የማይችለውን እጅግ ፈጣን ዜማ ሁለት ተጫዋቾች ይከፋፈሉትና፣ ፖሎስ የሚባለው ክፍል ሲያርፍ ሳንግሲ የሚባለው ክፍል ክፍተቱን እየሞላ፣ አድማጩ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው አንድ ያልተቋረጠ ጅረት ይሆናል። ይህ ሁሉ ፍጥነት ደግሞ በዘፈቀደ አይሮጥም፤ ከሥሩ ዝግ ያለ መሠረታዊ ዜማ አለ፣ ከዚያም በታች የእያንዳንዱን ዙር መዝጊያና መክፈቻ የሚያበስረው ትልቁ ጎንግ አለ። ምዕራባውያን የሙዚቃ ደራስያን ከእነዚህ ባሕርያት መጀመሪያ የወሰዱት ቀለሙን ሲሆን፣ አሠራሩን የተረዱት ቆይተው ነው፤ ከሁሉም ዘግይቶ የመጣው በባሊ መምህራን ፊት ተቀምጦ መማርና የመምህራኑን ስም ከሥራው ጋር ማንሣት ነበር። (በዚህ ትረካ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ ደራስያን ጆሮ መጀመሪያ የተገናኘው ከባሊ ሳይሆን ከጃቫ ጋሜላን ጋር ነበር። በ1889 የፈረንሳይ አብዮት መቶኛ ዓመት ሲከበር በፓሪስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ደሴቶቹን በቅኝ ግዛትነት ይዛ የነበረችው ኔዘርላንድ የጃቫ መንደር አስተክላ ነበር። ሙዚቀኞቹ በምዕራብ ጃቫ ከሚገኘው የፓራካን ሳላክ እርሻ የመጡ ሱንዳውያን ሲሆኑ፣ ዳንሰኞቹ ግን በማዕከላዊ ጃቫ ከሚገኘው የማንግኩነጋራን ቤተ መንግሥት የመጡ አራት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ባህሎች በአንድ መድረክ የተገናኙትም ለኤግዚቢሽኑ ሲባል ነበር። ያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ በዚህ መንደር ጋሜላኑን ሰማ፤ የሰማውም ነገር ከአእምሮው እንዳልጠፋ በ1895 ለወዳጁ ለፒየር ሉዊስ የላከው ደብዳቤና በ1913 ያሳተመው ጽሑፍ ያረጋግጣሉ። በኋለኛው ጽሑፉ የጃቫን ሙዚቃ ኮንትራፑንት፣ ማለትም ብዙ ዜማዎች ራሳቸውን ችለው በአንድነት የሚጓዙበትን ጥበብ፣ አውሮፓ በዚህ ዘርፍ ቁንጮ አድርጋ ከምትቆጥረው ከፓለስትሪና ሥራ አስበልጦታል። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን የሌላውን ሕዝብ ሙዚቃ ገና ያልበሰለ ጥበብ አድርገው ይመለከቱ ስለነበር፣ ይህ ፍርድ ደፋር ነበር።

ደቡሲ በ1903 ለፒያኖ በጻፈው «ፓጎድ» በተባለው ሥራ የጋሜላንን ዜማ አልገለበጠም፤ የወሰደው የድምፅ አነባበሩን ነው። በታችኛው የፒያኖ ክፍል ረጅም ድምፆች እንደ ጎንግ ዙሩን ሲያበስሩ፣ መካከል ላይ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ከላይ ደግሞ ፈጣን ጌጦች ይንቆረቆራሉ። በዚህ ሥራ ሐርመኒው፣ ማለትም የድምፆች ስምምነት፣ ወደ አንድ ግብ ለመድረስ አይቸኩልም፤ ድምፁ በቦታው ሆኖ ይሽከረከራል። ለአውሮፓ ሙዚቃ ይህ የጊዜ አረዳድ ለውጥ ነበር፣ ከደቡሲ በኋላ የመጡትም ወደ ጋሜላን የተሳቡት ባመዛኙ በዚህ በር ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ባሊ የራሷን መከራ ታሳልፍ ነበር። የኔዘርላንድ ጦር በመስከረም 1906 ደቡብ ባሊን ሲወርር የባዱንግ ንጉሣዊ ቤተሰብና ተከታዮቹ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ወደ ጠመንጃው አፍ ተጓዙ፤ በሚያዝያ 1908 የክሉንግኩንግ ቤተ መንግሥት በተመሳሳይ ሁኔታ ወደቀ፣ ደሴቲቱም ሙሉ በሙሉ በቅኝ አገዛዝ ሥር ገባች። ቤተ መንግሥቶቹ ሀብታቸውንና ሥልጣናቸውን ሲያጡ፣ በእነርሱ ይደገፉ የነበሩት ግዙፍ የጋሜላን ስብስቦች ቀስ በቀስ ወደ መንደር ማኅበራት ተሻገሩ። ከዚህ ውድቀት መካከል የተወለደው ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ በሰሜን ባሊ በቡለለንግ አካባቢ በ1915 ገደማ ጎንግ ኬብያር የተባለ ፍጹም አዲስ የአጨዋወት ስልት ብቅ አለ። ኬብያር እንደ መብረቅ ድንገት የመፈንዳትና የማብራት ትርጉም ያለው ቃል ሲሆን፣ ሙዚቃውም እንደ ስሙ መላው ስብስብ በአንድ ምት ፈንድቶ የሚጀምር፣ ፍጥነቱንና ኃይሉን በቅጽበት የሚለዋውጥ፣ ከአምልኮ ሥርዓት ይልቅ ለመንደሮች ውድድር የተመቸ ነበር። አዲሱ ስልት በ1920ዎቹ ወደ ደቡብ ሲዛመት መንደሮች የቆዩ የቤተ መንግሥት መሣሪያዎቻቸውን ለአንጥረኛ ሰጥተው እያስቀለጡ የኬብያር መሣሪያ አሠሩ፤ በታባናን የተነሣው ዳንሰኛ ኢ ማሪዮ ተቀምጦ የሚደነስ አዲስ የዳንስ ዓይነት ፈጠረለት፣ የኩታው ኢ ዋያን ሎትሪንግም የቀድሞውን ዜማ ከአዲሱ መንፈስ ጋር ያዋሐዱ ሥራዎችን ደረሰ። ምዕራባውያን ብዙዎቹ በ1930ዎቹ ባሊ ሲደርሱ የሰሙትን ሙዚቃ ጊዜ የማይለውጠው ጥንታዊ ቅርስ አድርገው ቢያስቡትም፣ በእውነቱ ያ ሙዚቃ ከእነርሱ ዘመናዊ ሥራዎች ጋር እኩል ዘመናዊ ነበር፤ ደራስያኑም በሕይወት ያሉ፣ የሚወዳደሩና የሚሟገቱ ሰዎች ነበሩ።

ይህ አዲስ ድምፅ ከደሴቲቱ የወጣው በሸክላ ነው። በ1928 ኦዴዮን እና ቤካ የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች፣ በባሊ ይኖር በነበረው ሠዓሊና ሙዚቀኛ በዋልተር ሽፒስ እየተረዱ፣ የባሊን ሙዚቃ ቀረጹ። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል በመሆኑ ረጃጅሞቹ ሥራዎች ማጠር ነበረባቸው፤ ሕዝቡ ያንኑ ሙዚቃ በየመንደሩ በነጻ ይሰማ ስለነበርም ሸክላዎቹ በባሊ ገዢ አላገኙም። ከተሸጡት ጥቂቶቹ ግን ባሕር ተሻግረው ኒው ዮርክ ደረሱ፣ በዚያም ከወዳጆቹ ተውሶ የሰማቸው በ1900 በሞንትሪያል የተወለደው ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ኮሊን ማክፊ ነበር። ድምፁ እጅግ ስለማረከው በ1931 ከባለቤቱ ከአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ጄን ቤሎ ጋር ወደ ባሊ ተጓዘ፣ ብዙም ሳይቆይ በኡቡድ አቅራቢያ በሳያን መንደር ቤት አሠርቶ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ባሊዎች በበኩላቸው ወደ አውሮፓ መጡ። በፓሪስ በተዘጋጀው የቅኝ ግዛቶች ኤግዚቢሽን፣ በኡቡዱ መስፍን በቾኮርዳ ግዴ ራካ ሱካዋቲ መሪነት የፔሊያታን መንደር ሙዚቀኞችና ዳንሰኞች በኔዘርላንድ ድንኳን ትርኢት አሳዩ። ደራሲው አንቶናን አርቶ ስለ ቴአትር የነበረውን አመለካከት የለወጠው በዚሁ መድረክ ባየው ነገር ነው፤ በሙዚቃው ዘርፍ ደግሞ ፍራንሲስ ፑለንክ ጋሜላኑን ሰምቶ በ1932 በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበው የሁለት ፒያኖዎች ኮንቸርቶ ውስጥ አስተጋባው። በመጀመሪያው ክፍል መደምደሚያ ሁለቱ ፒያኖዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚደጋገም ጥለት ሲቀባበሉ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጫጫታ ሁሉ ይረጋል፤ ውበቱ የማይካድ ነው፣ ነገር ግን ከቀሪው ሥራ ጋር በአሠራር ያልተሳሰረ እንግዳ ቀለም ሆኖ ይቀራል። የሃንጋሪው ቤላ ባርቶክም «ሚክሮኮስሞስ» በተባለው የፒያኖ መማሪያ ድርሰቱ ውስጥ 109ኛውን ቁጥር ለባሊ ደሴት ሰጥቷል።

ማክፊ የሄደበት መንገድ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እስከ 1938 ማብቂያ ድረስ፣ አልፎ አልፎ እየተመላለሰ፣ በባሊ ሲኖር ዋና ሥራው የሰማውን መጻፍ ነበር፤ መምህራኑ አንድን ክፍል ዝግ አድርገው ደጋግመው እየመቱለት እርሱ በፒያኖ እያመሳከረ በኖታ ይመዘግባል። ከረዱት መካከል ከፔሊያታን ቡድን ጋር ፓሪስ ደርሶ የተመለሰውና ሾፌሩም ረዳቱም የነበረው ኢ ማዴ ለባህ፣ እንዲሁም በኩታ ይኖር የነበረው ሎትሪንግ ይገኙበታል፤ ማክፊ ያሳተመው ሁሉ ያለ እነዚህ ሰዎች ትዕግሥትና ዕውቀት ከቶ ሊሆን የሚችል አልነበረም። ኬብያር በየመንደሩ ሲነግሥ እየጠፋ የነበረውን ሰማር ፔጉሊንጋን፣ ማለትም በቤተ መንግሥት እልፍኝ ይመታ የነበረውን ለስላሳ ድምፅ ያለው ስብስብ፣ በሳያን እንደገና እንዲቋቋም አደረገ፤ የመንደሩን ሕፃናትም በአንክሉንግ፣ ባለ አራት ድምፅ በሆነው አነስተኛ ጋሜላን፣ አሰልጥኖ አሰለፋቸው።

የዚህ ልምድ ፍሬ በ1936 በሜክሲኮ የጨረሰው «ታቡህ ታቡሃን» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራ ነው። ማክፊ በኦርኬስትራው መካከል ሁለት ፒያኖ፣ ሴሌስታ፣ ዛይሎፎን፣ ማሪምባና ግሎከንሽፒል ያሉበትን ቡድን እንደ ጋሜላን ተክሎ፣ ሁለት የባሊ ጎንጎች ጨመረበት፤ ኮቴካኑን ለፒያኖዎቹ አከፋፈለ፣ በሁለተኛው ክፍል የሚሰማው የዋሽንት ዜማም ከባሊ እንዳለ የተወሰደ ነው። ሥራው በዚያው ዓመት በካርሎስ ቻቬዝ መሪነት በሜክሲኮ ሲቲ ቀረበ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያቀርበው ኦርኬስትራ ሳያገኝ ቆየ። አንድ መሠረታዊ ችግር ደግሞ በማክፊም ሆነ ከእርሱ በኋላ በመጡት ሊፈታ አልቻለም፤ ፒያኖ ለሁሉም አንድ በሆነ ልክ የተቃኘ መሣሪያ በመሆኑ የባሊን ፔሎግ ቅኝት፣ እኩል ያልሆኑ ርቀቶች ያሉትን ባለ አምስት ድምፅ አደራደር፣ በትክክል ሊያሰማ አይችልም፣ ኦምባክንም ፈጽሞ አያውቅም። ደራስያኑ ያላቸው አማራጭ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ድምፆችን በአንድነት እየመቱ በሚፈጠረው ፍጭት ሞገዱን ማስታወስ ብቻ ነበር።

ማክፊ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በኒው ዮርክ አካባቢ፣ በሎንግ አይላንድ፣ ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ እዚያ ይኖር ከነበረው ከእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ከቤንጃሚን ብሪትን ጋር ተገናኘ። ማክፊ የባሊን የሥርዓት ሙዚቃ ለሁለት ፒያኖ ገልብጦ አዘጋጅቶ ስለነበር ሁለቱ አብረው ተጫወቱት፣ በ1941ም በሸክላ አስቀረጹት። ብሪትን በዚያን ጊዜ ብዙም የተማረከ አይመስልም፤ ማክፊ በሰጠው ቅጂ ላይ የጻፈው መታሰቢያ፣ ወዳጁ በመጨረሻ በሙዚቃው ውስጥ አንድ ነገር እንዲያገኝበት ተስፋ ማድረጉን ይገልጻል። ተስፋው የተፈጸመው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ብሪትን በጥር 1956 ከዘማሪው ከፒተር ፒርስ ጋር ባሊን ሲጎበኝ፣ ለባሌ ዳንስ ጀምሮት የነበረው «የፓጎዳዎቹ ልዑል» የተባለ ድርሰት አልገፋ ብሎት ነበር። በባሊ ልምምዶችን ተከታተለ፣ ቅኝቶችንና ጥለቶችን በማስታወሻው መዘገበ፣ ለረዳቱ ለኢሞጀን ሆልስት በጻፈው ደብዳቤም የሙዚቃውን ውስብስብነት ከዘመናዊው ደራሲ ከሾንበርግ ሙዚቃ ጋር አስተያየው። ጥር 1 ቀን 1957 በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን በቀረበው ባሌ ሁለተኛ ክፍል፣ ፓጎዳዎቹ ሲሽከረከሩ የሚሰማው የዛይሎፎን፣ የቪብራፎን፣ የሴሌስታ፣ የፒያኖና የጎንግ ውሕደት በቀጥታ ከዚያ ማስታወሻ የመነጨ ነው።

ይሁንና ብሪትን የባሊን ድምፅ በጥልቀት የተጠቀመበት ከዚህ ባሌ ይልቅ በመጨረሻው ኦፔራው ሳይሆን አይቀርም። በሰኔ 1973 በስኔፕ በቀረበው «ሞት በቬኒስ» ውስጥ፣ አረጋዊው ደራሲ በዓይኑ የሚከተለው ልጅ ታዲዮ አይዘፍንም፤ ይደንሳል እንጂ፣ ዳንሱንም የሚያጅበው ከጋሜላን የተቀዳ የቪብራፎንና የምት መሣሪያዎች ሙዚቃ ነው። ሁለቱ ሰዎች የማይገናኙባቸው ዓለማት በሁለት የተለያዩ የሙዚቃ አሠራሮች ስለተገለጹ፣ የባሊ ድምፅ እዚህ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የድራማው አካል ሆኗል።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ሌሎችም ነበሩ። ኦሊቪዬ መሲያን በ1949 በቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰማው «ቱራንጋሊላ» ስምፎኒው ውስጥ ግሎከንሽፒልን፣ ሴሌስታንና ቪብራፎንን አቧድኖ ከፒያኖው ጋር የጋሜላን ዓይነት ሚና ሰጣቸው። በ1952 የፔሊያታን ቡድን በአናክ አጉንግ ግዴ ማንደራ መሪነት ለንደንና ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዞ ሙሉ ትርኢቱን አቀረበ፤ በካሊፎርኒያም የሙዚቃ ደራሲው ሉ ሃሪሰን፣ በዋናነት ከጃቫ ትውፊት በመነሣት፣ ከዊልያም ኮልቪግ ጋር ከአሉሚኒየምና ከብረት ቱቦ የአሜሪካ ጋሜላን ሠራ።

ማክፊ የሕይወቱን ዋና ሥራ፣ «ሙዚቃ በባሊ» የተባለውን ትልቅ የጥናት መጽሐፍ፣ ታትሞ ሳያየው በጥር 1964 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ፤ መጽሐፉ በ1966 ወጣ። ካነበቡት አንዱ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክ ነበር። ራይክ በ1970 በጋና የከበሮ ትምህርት የተማረ ሰው በመሆኑ ማንበብ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር፤ በ1973 ክረምት በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በባሊው መምህር በኢ ኞማን ሱማንዲ ሥር የሰማር ፔጉሊንጋንን አጨዋወት ተማረ፣ በተከታዩ ዓመትም ጥናቱን በበርክሌይ ቀጠለ። ከዚህ በመነሣት የያዘው አቋም ከደቡሲም ከፑለንክም የተለየ ነበር፦ የሌላውን ሕዝብ ድምፅ በራስ መሣሪያ ማስመሰል ላዩን መኮረጅ ነው፣ ሊወሰድ የሚገባው አሠራሩ ነው። በ1976 በኒው ዮርክ በቀረበው «ሙዚቃ ለ18 ሙዚቀኞች» ውስጥ መሪ ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው የለም፤ በባሊ ከበሮ መቺው ለባልደረቦቹ የጥለት ለውጥን በድምፅ እንደሚያስታውቅ፣ እዚህም አንድ ክፍል አብቅቶ ሌላው መጀመሩን የሚያስታውቀው ቪብራፎን ነው። ሙዚቃው የባሊን ዜማ አያሰማም፤ ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ የሚደማመጡበት ሥርዓት ግን ከባሊ የተገኘ ትምህርት አለበት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድ ምዕራባዊ ኦርኬስትራን እንደ ጋሜላን ከማስጮህ ይልቅ ጋሜላኑን ራሱን ወደ መምታት አዘነበለ። በ1979 ማይክል ተንዘር፣ ሬቸል ኩፐርና የባሊው መምህር ኢ ዋያን ሱወቻ በካሊፎርኒያ ጋሜላን ሰካር ጃያን መሠረቱ፣ ቡድኑም በ1985 ወደ ባሊ ሄዶ ሙዚቃውን በፈጠረው ሕዝብ ፊት ተጫወተ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1993 ጋሜላን ጋላክ ቲካን ያቋቋመው ኢቫን ዚፖሪን ደግሞ የማክፊን የሳያን ዓመታት ኦፔራ አድርጎ፣ በ2009 በኡቡድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳየው የምዕራብ መሣሪያዎችና የባሊ ጋሜላን በአንድ መድረክ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቅኝት፣ ተሰለፉ።

በዚህ ጊዜ በባሊ የነበሩት ደራስያን እንደ ሎትሪንግ ዘመን ሁሉ በራሳቸው አዲስ ፍለጋ ላይ ነበሩ። በፔንጎሰካን መንደር የተወለደው ደዋ ኬቱት አሊት በ2007 ጋሜላን ሳሉካት የተባለ ቡድን ሲመሠርት፣ የቆዩትን ሁለት ቅኝቶች፣ ፔሎግንና ስሌንድሮን፣ ያቀናጀ አዲስ የመሣሪያ ስብስብ አሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፋቸው ሥራዎችም በየትኛውም ሌላ ስብስብ ሊመቱ የማይችሉ፣ ለዚያ ነሐስ ብቻ የተደረሱ ሆኑ።